ደጀ ሰላሙ ላይ የተተከለ እግር

አንድ የአበርገሌ አዛውንት በዓይነ ኅሊና ይታዩን። ስም መስጠት አያስፈልግም፤ እንደ እሳቸው ያሉ አባት በዋግ ኽምራ ደጋም ቆላም አይታጡም። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል። ልጅነታቸውንም ጉልምስናቸውንም ፍየል እየተከተሉ፣ ወደ ተከዜ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲወርዱና ዳገቱን ሲወጡ አሳልፈዋል። እሑድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ጨብጠው፣ ቀስ እያሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይደርሳሉ። ደጀ ሰላሙን ሊሳለሙ ሲጠጉ ግን እግራቸው እንደ ችካል ይተከላል። አልወደቁም፤ ጉልበታቸውም አልከዳቸውም። ብቻ ተረከዛቸው ከመሬቱ አልላቀቅ ይላል። ከኋላቸው የቆመው ጎረምሳ «አባቴ፣ ይግቡ እንጂ» ይላቸዋል። እሳቸውም የፈለጉት መግባት ነው። ልባቸው ቅኔ ማኅሌት ደርሷል፤ እግራቸው ከበሩ ውጭ ቀርቷል።

ሊሰግድ ፈልጎ ያልቻለ ሰው ሰግዷል ወይስ አልሰገደም?

ጥያቄው ከሕመሙ ተለይቶ አይገባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። በ1817 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ነው፤ አንዳንዶቹንም ያገኛቸው እንዲሁ መንገድ ላይ ሲያልፉ አይቷቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ጥቁር ቀለም ያላት ትንሽ ክፍል አለች፤ በውስጧ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታሉ። በፓርኪንሰን እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ነው፦ ሲራመዱ እጅን ማወዛወዝ፣ ዓይንን ማርገብገብ፣ ምራቅን መዋጥ፣ ከመቀመጫ ብድግ ማለት። ጤነኛ ሰው እግሩን «ተነሳ» ብሎ አያዘውም፤ እግሩ ራሱ ያውቃል። ሕመምተኛው ግን እያንዳንዷን እርምጃ ማዘዝ አለበት። ጠባብ በር፣ ደፍና መታጠፊያ ደግሞ እግርን በማድረቅ የታወቁ ናቸው። አዛውንቱ ደጀ ሰላሙ ላይ የቀሩት ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ሕመም ቤት ለቤት ዞረው ከፈለጉት ቀዳሚዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ 60,820 ሰዎችን አዳርሰው ውጤቱን በ1990 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አራት ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከስልሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ፣ የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ወጣት በመሆኑ ቁጥሩ ማነሱ አያስደንቅም። ግን በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ ከዓመታት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ሲፈለግ ከተገኙት 33 ሕሙማን ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ሕመማቸው ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት ተነግሯቸው አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከፓርኪንሰን ጋር የሚኖሩት ሰዎች ከ8.5 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ይገምታል። በሰቆጣ ገበያ ግን ስለሚንቀጠቀጥ እጅ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ እርጅና።

ወይም ሌላ ነገር። ሕመሙ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት ቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ በዚህ አገር ግን ምልክቱ ለብቻው በሌላ ዓይን ይነበባል። ማሽተት ቀድሞ ይጠፋል። ቄሱ ማዕጠንት እያወዛወዙ ሲያልፉ ሌላው ሰው በዕጣኑ መዓዛ ሲረካ፣ ሕመምተኛው ምንም አይሸተውም። ሌሊት በእንቅልፉ ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ አጠገቡ የተኛውን በቡጢ ይመታል፤ ጎረቤት «መንፈስ ይዞታል» ይላል። ፊቱ ይደርቃል፣ ፈገግታው ይጠፋል፤ «ኮርቷል» ይባላል። ድምፁ ይሰልላል፤ ዜማ የሚመራ መሪጌታ ከሆነ ሕዝቡ አይሰማውም። ብዕር የሚይዝ ከሆነ ፊደሉ በየመስመሩ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሰብስቦ የሚያይ ዓይን ሲታጣ እያንዳንዱ ለየብቻው ወይ ኃጢአት ይሆናል፣ ወይ ጋኔን፣ ወይ ዓመል።

ከሁሉ የከፋው የሚከተለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ብለው ያስተምራሉ፦ አራቱ የሥጋ ናቸው፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና መሬት፤ ሦስቱ የነፍስ ናቸው፣ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት። ፓርኪንሰን የአራቱን ወሰን አያከብርም። ራሱ ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙ አእምሮን አይነካም ብሎ ነበር፤ ተሳስቷል። ዶፓሚን ከእንቅስቃሴም አልፎ የመፈለግ፣ የመጓጓት፣ «ልነሳ» የማለት ነገር ነው። ብዙ ሕሙማን ያዝናሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ሳያዝኑም ነገር ሁሉ ይሰለቻቸዋል። ጸሎት ይከብዳቸዋል። ሰዓታት መቆም ቀርቶ አባታችን ሆይ ማለት ያታክታቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ንስሐ አባቱ ፊት ተንበርክኮ «ሰነፍኩ» ይላል፤ ስንፍና በገዳማውያን ትምህርት ከከባድ ፈተናዎች አንዱ ነውና ቀኖና ይቀበላል። ቀኖናው ራሱ ስግደት ከሆነ ደግሞ እንግዲህ ምን ይባላል?

ጥያቄው እዚህ ላይ ይጠልቃል። ፈቃድ የነፍስ ከሆነ፣ ነፍስም ከሥጋ ትበልጣለች ካልን፣ በጣት ጫፍ የምትያዝ፣ የጎደለውን ዶፓሚን የምትተካ ክኒን ፈቃድን እንዴት ትመልሳለች? መድኃኒቱ ወደ ሌላም ወገን ይሄዳል፤ እንደ ዶፓሚን የሚሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች ዕድሜ ልካቸውን ካርታ ነክተው የማያውቁ ጨዋ ሰዎችን ቁማርተኛ እስከማድረግ ደርሰዋል። ሐኪሙ ይህን ተራ የጎንዮሽ ጉዳት ይለዋል። ለአማኝ ግን ሌላ ነው፤ የሰው ነጻ ፈቃድ የሚቆምበት መሬት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳየዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፦ ፈቃድ በሥጋ ውስጥ መኖሩ ፈቃድነቱን አይነጥቀውም። እግሩን በሐሳቡ እየገፋ ደጃፉን የሚሻገረው ሕመምተኛ፣ ሳያስበው ዘው ብሎ ከሚገባው ጎረምሳ የበለጠ ፈቅዶ ገብቷል። ልማድ ሲሠራው የነበረውን ሥራ ፈቃዱ ተረክቦታል።

የሰሜኑ ክርስትና ደግሞ መቼም የሐሳብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በሰውነት ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ ሰባት ዓመት በአንዱ ብቻ እንደቆሙ ገድላቸው ይተርካል፤ ሥዕላቸውም የሚታወቀው በዚያ በተሰበረው እግር ነው። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አልታወቃቸውም ይባላል። አንዱ ትረካ አካል እስኪሰበር የጸለየበት፣ ሌላው ዜማ አካልን ያስረሳበት ነው። ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ሳይንሱም የሚያመለክተው ወደዚያው ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ ነርቭ ሐኪም ባስቲያን ብሉም አንድ የ58 ዓመት ሰው በቪዲዮ አሳየ። ሰውየው ከአሥር ዓመት ሕመም በኋላ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይደርቃል፣ ይወድቃል። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ያለ ችግር ይነዳል፣ ይታጠፋል። ሲወርድ እንደገና ይደርቃል። ቤት ሲቃጠል ዘሎ ስለወጣ ሕመምተኛም ይተረካል። የተጎዳው መንገድ ከውስጥ ተነስቶ እግርን የሚያዘው ነው፤ ከውጭ ምት ሲመጣለት፣ መሬት ላይ መስመር ሲሰመርለት፣ ከበሮ ሲመታለት አንጎል በሌላ መንገድ ይዞራል። ይህን የሰማ የዋግ ሰው ወዲያው ማኅሌቱን ያስባል። መቋሚያ መሬቱን ይመታል፣ ጸናጽል ይንሿሿል፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና ይፈጥናል፣ ሊቃውንቱ አብረው ያረግዳሉ። የምት መቁጠሪያ እያንኳኳ እርምጃ የሚያስተምር የፊዚዮቴራፒ ክፍል ለአበርገሌ ሩቅ ነው፤ ማኅሌት ግን በየደብሩ አለ። ነሐሴ 16 ላይ ሻደይ ሲገባ ደግሞ ልጃገረዶቹ የሚያነሱት ምት የአያቶቻቸውን እግር ያስታውሳቸዋል። (ጽሑፉ ለአዛውንቱ ሻደይ ጭፈራ እያዘዘ አይደለም። ግን ቢያረግዱ ማን ይጠላል?)

ሰውነትን በብርቱ ማንቀሳቀስም ለብቻው ይመዘናል። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት 128 በጅምር ላይ ያሉ፣ መድኃኒት ያልጀመሩ ሕሙማን ተሳትፈው፣ የተወሰኑት መሮጫ ማሽን ላይ የልብ ምታቸው ከከፍተኛው ከ80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ ለስድስት ወር እንዲሠሩ ተደረገ። የእነዚህ የእንቅስቃሴ ችግር እምብዛም አልጨመረም፤ እንደ ወትሮው የኖሩት ግን ባሱ። በሆላንድም ቤት ውስጥ ብስክሌት የረገጡት ሰዎች ሰውነታቸውን ብቻ ካፍታቱት የተሻለ ቆይተዋል። ማንም ስፖርት ሕመሙን ያቆማል አላለም፤ የሞቱትን ሕዋሳት የሚያስነሳ ነገር እስካሁን አልተገኘም። ግን የሚንቀሳቀሰው ሰው ሚዛኑ ይጸናል፣ እንቅልፉ ይሻላል፣ ሆዱ ይለሰልሳል፣ ሐዘኑም ይቀልለታል። በአበርገሌ የመሮጫ ማሽን የለም። ዳገት አለ። ፍየል የሚጠብቅ አዛውንት ሐኪም የሚያዘውን ሳያውቀው ሲፈጽም ኖሯል፤ አደጋው የሚመጣው ልጆቹ አዝነው «አባታችን ታመሙ፣ ይቀመጡ» ያሉት ቀን ነው። በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌ ተፈናቅለው በሰቆጣና በዙሪያዋ መጠለያ ዓመታት የቆዩ አረጋውያን ፍየላቸውንና ቤታቸውን አጥተዋል፤ ከዚያ ጋር በየቀኑ የሚራመዱበትን ምክንያትም አጥተዋል።

ስግደትስ? ከመቆም ተነስቶ ጉልበት መሬት ይነካል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ግንባር መሬት ይስማል፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነት እንደገና ይነሳል። ሕመሙ እንቅስቃሴን ሁሉ ስለሚያሳንስ ሐኪሞች «ትልቅ አድርገህ ተንቀሳቀስ» ይላሉ፤ ከስግደት የበለጠ ትልቅ እንቅስቃሴ የለም። በዓቢይ ጾም አርባ አንድ ጊዜ የሚሰግድ አዛውንት ቀላል ሥራ አልሠራም። እዚህ ጋ አንድ የከረረ ምእመን ይነሳል፦ ለጤና ብሎ የተሰገደ ስግደት ስግደት ነው ወይ? ለእግዚአብሔር የሚገባውን ለጉልበት መስጠት አይሆንም ወይ?

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ግን በሁለት በኩል ይሰነጠቃል። መጀመሪያ፣ በዓለ ሃምሳ ላይ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ስግደት የለም። ለጤናው ብቻ የሚሰግድ ሰው በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ቅር ይለዋል፤ ለአምላኩ የሚሰግድ ደግሞ ስለ በዓሉ ደስ ብሎት ያቋርጣል፣ በእርሻው መንገድ ላይ በእግሩ ይሄዳል። የት እንደሚለይ የሚታወቀው እዚያ ነው እንጂ ጉልበቱ በረታ አልበረታ ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሥጋን ማኖር ራሱ ትእዛዝ ከሆነ፣ ለሥጋ መበርታት መስገድ ከአምልኮ ውጭ አይወድቅም። ይህን ነገር እስከ ጥጉ የገፋው ሰው ከዚሁ ከተከዜ አጠገብ ነበረ ይባላል። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ደራሲው ከስደት ሸሽቶ በተከዜ ወንዝ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ፈጣሪ በተፈጥሮ ውስጥ ያላኖረውን የጾም ሕግ ሰው ሠራሽ ነው ብሎ ይሞግታል። መጽሐፉን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ጻፈው ወይስ በ19ኛው የኢጣሊያ ሚስዮናዊ የሚለው ክርክር ገና አልበረደም። የማንም ይሁን፣ ሕመምተኛው የግድ እንደ እሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ መውረጃ ደረጃ አላት፦ ሰጊድ ግንባርን መሬት ያስነካል፣ አስተብርኮ በጉልበት ይቆማል፣ አድንኖ ራስን ዝቅ ያደርጋል። ሙስሊሞችም ቢሆኑ ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ጋደም ብሎ እንዲሰግድ የሚፈቅድ ትምህርት አላቸው።

ደረጃው የሚያስፈልገው በእውነት ነው። ፓርኪንሰን የደም ግፊትን ብድግ ሲሉ ያወርዳል፤ በፍጥነት የተነሳ አዛውንት ዓይኑ ይጨልምና ከድንጋዩ ላይ ይወድቃል። የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ይገድላል። ስለዚህ ግድግዳ ወይም በትር ይዞ፣ ተንበርክኮ ትንሽ ቆይቶ፣ ከዚያ መነሳት ነው። ቀዝቃዛ ጠበል በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ሲጠመቅም ደጋፊ ያሻዋል። ጾሙም እንደዚሁ። ሌቮዶፓ የሚባለው ዋናው መድኃኒት በሰዓቱ፣ በውኃ፣ ከምግብ ራቅ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሕመምተኛ መድኃኒቱንም ያዘልላል፣ ግፊቱንም ያወርዳል፣ ድርቀቱንም ያብሳል። ፍትሐ ነገሥት ለሕመምተኛ ጾምን ያቀልለታል፤ ንስሐ አባቱን መጠየቅ ብቻ ነው። አንድ የሚያስገርም ነገር፦ ሌቮዶፓ ከተክል ተለይቶ የወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ከባቄላ ነው። በዋግ ደጋ በጾም ወራት የሚበላው እሸት ባቄላ መድኃኒቱን በውስጡ ይዟል ማለት ነው፤ መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ ክኒኑን አይተካም። ባቄላ ደግሞ ፕሮቲን አለው፤ ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማል። ተፈጥሮ እንዲህ ናት፣ በአንድ እጇ ሰጥታ በሌላው ትቀበላለች።

የዓቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ታሪክ የሚነበብበት ነው። ታሪኩ በተአምሩ ይታወሳል፤ ሳይታወስ የሚያልፈው ግን ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረው ምክንያት ነው። የመጠመቂያው ውኃ ሲነዋወጥ የሚያወርደው ሰው አልነበረውም። ሕመሙን ከመናገሩ በፊት ያነሳው ይህን ነው። ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ከፓርኪንሰን ጋር እየኖሩ በ2011 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ኢትዮጵያን ሲመሠርቱ የሞሉት ክፍተት ከዚህ አይለይም። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ የነርቭ ሐኪም ፍለጋ ግን መንገዱ ገና ረጅም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተመረቁትም አብዛኞቹ ዋና ከተማው ውስጥ ይሠራሉ።

ስለዚህ በዋግ ደብሮች አካባቢ እነዚያ አዛውንት ደጀ ሰላሙ ላይ ተተክለው ብታገኟቸው አትጎትቷቸው፤ ከጎተታችኋቸው ይወድቃሉ። «ቶሎ» አትበሏቸው፣ ይብስባቸዋል። በትራችሁን ከእግራቸው ፊት መሬት ላይ አጋድሙላቸው፣ «ይህችን ይሻገሩ፣ አባቴ» በሏቸው፣ ጠብቁ። አንዲት እንጨት ተሻግሮ ለመሄድ እግር ብዙ ጊዜ ይታዘዛል። ከቅዳሴ በኋላም ለልጃቸው ይህ ሕመም ስም እንዳለው፣ መድኃኒትም እንዳለው ንገሩት።